ግራፊክስ ካርድ የሚያጨው ጎረቤቴ

ሚስት ሊያጭ እንደተነሳ ሰው ለኮምፒዩተሩ ምስል የሚያጠራ ግራፊክስ ካርድ የሚያጠያይቅ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል፤ እዚሁ ሚዛን ተፈሪ፣ ጎረቤቴ ታምሩ።

ኮምፒዩተሩ አሮጌ ነች። ከጓደኛው ከመምህር ዳዊት ጋር ኳስ ሲጫወቱባት፣ ልክ ጎል ሊገባ ሲል ምስሉ ድርቅ ይላል። ዳዊት ሳቅ ብሎ "ግድ የለም ታሜ፣ እንደገና እንጀምር" ይላል። ታምሩን ግን ከነከነው። "ቡና ይሸጥ እንጂ ደህና ካርድ እገዛለሁ" ብሎ ማለ።

መቼስ እኛ አገር ለቡና ሽያጭ ያልተቀጠረ ምን ነገር አለ? ሠርጉም፣ የቤቱ ቆርቆሮም ለዚያው ነው። ቡናው ተሸጠ። ታምሩ ግን "አዲስ ሞዴል ሊወጣ ነው አሉ፣ ትንሽ ልታገስ" አለ። በሚቀጥለው ቡና "ይሄኛው ይግላል"፣ በሌላው ደግሞ "ያኛው መብራት ይበላል" አለ። የካርዱን ዘር ማንዘር ያጣራል እንጂ አይገዛም። በዚህ መሃል ዳዊት ወደ ማሻ ተዛወረ።

በመጨረሻ ካርዱ በሰው እጅ ከአዲስ አበባ መጣና ተገጠመ። አቤት ጥራት! የተጫዋቾቹ ላብ ሳይቀር ይታያል። ታምሩ እዚያው እፊቴ ለዳዊት ደወለ።

"ዳዊት፣ ካርዱ መጣ እኮ! አሁንማ ምስሉ አይደርቅም!"

"እሰይ! እንኳን ደስ ያለህ። ለመሆኑ ከማን ጋር ትጫወታለህ?"

ታምሩ ስልኩን ዘግቶ ሁለተኛውን ጆይስቲክ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ገፋው።

እኔ ደግሞ ጨዋታውን አልችልም።