የአሳማ ክትባት የተወጋው ሙክት

እናንተ በግ ስትገዙ ላቱን ጨብጣችሁ፣ ወገቡን ዳብሳችሁ ነው አይደል? በእኛ ቀበሌ አንድ ዓመት በግ የሚገዛው ጆሮው እየታየ ነበር።

ጉዱን ያመጣው የተማረ ሰው ነው፤ ሌላ ማን ያመጣዋል? ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ባለው ቀያችን በጉ እያሳለ በሳንባ ምች ያልቅ ነበር። አንድ የእንስሳት ሐኪም ገና በሙከራ ላይ ያለ ክትባት ይዞ መጣ። ግማሹን በግ ወጋ፣ ግማሹን ተወ። ከፋሲካ በኋላ መጥቶ የትኛው እንደተረፈ ሊያይ ነው። ለምልክት የተወጉት ጆሮ ላይ ቢጫ ነገር አንጠለጠለ። እስከዚህ ደግ ነበር።

ግን አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል። ክትባቱ በውጭ አገር አሳማ ላይ ተሞክሮ ግሩም ውጤት ማምጣቱን አስረዳን። አሳማ። ያውም በሁዳዴ፣ ያውም በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ። አገር በሙሉ አማተበ።

መከራው የወደቀው አጎቴ አያ ጫኔ ላይ ነው። ልጁን ገና መዳሩ ነው፤ አማቾቹ ለፋሲካ ይመጣሉ። ያለው አንድ ሙክት፣ እሱም ጆሮው ቢጫ። ቡሬ ገበያ ወስዶ ሊለውጠው ሞከረ፤ ወሬው ቀድሞት ደርሷል። ቄሱን ቢጠይቃቸው፣ መጽሐፍ ስለ መርፌ ያለው ነገር እንደሌለ፣ እስኪጣራ ግን ባይበላ እንደሚሻል ነገሩት። የእሳቸው በግ አልተወጋማ!

ምልክቱን ቆርጦ ቢያርደውስ? የቸገረው እርጉዝ ያገባል፣ አስቦት ነበር። ግን የተበሳ ጆሮ የት ይደበቃል? አማቾቹ ካወቁ ልጁ ዕድሜዋን በሙሉ «አሳማ ያበላን ሰው ልጅ» ልትባል ነው።

ፋሲካ ደረሰ። አገሩ ያልተወጋውን እያረደ ሲፈስክ፣ አያ ጫኔ አማቾቹን በእንቁላል አስፈሰካቸው። ሙክቱ ደጅ ላይ ታስሮ ያመሰኳል። አማቾቹ ሙክቱን በጎሪጥ እያዩ፣ ተመስገን፣ ጠግበናል ብለው ሳይውሉ ሄዱ። እኔ እንኳ አፈርሁለት።

ከዚያ ሐኪሙ መጣ። የተወጉት በሙሉ በሕይወት አሉ፤ ካልተወጉት አንድም የለም። ምን በላቸው ብሎ ይጠይቃል? ውጤት ካማረ ማን ይጠይቃል? ሰብስቦን ክትባቱ ፍቱን መሆኑን አበሰረ። አያ ጫኔንም ሞዴል አርሶ አደር ብሎ ከሙክቱ ጋር ፎቶ አነሣው።

አስተያየት ያለው ተባለ። አያ ጫኔ ተነሣ።

«ጌታው፣ ከሳንባ ምች ማዳኑን እንጃ፤ ከቢላዋ ግን አድኗል። አሁን ደግሞ ከአማት ምላስ የሚያድን ያምጡና መጀመሪያ ልጄን ይውጉልኝ።»

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀና «አርሶ አደሩ ተጨማሪ ክትባት ጠይቋል» ብሎ ጻፈ።