የጃቦቲካባዬ እንግዳ

ሰው መጥራት ቀላል ሥራ የሚመስለው ካለ፣ አንድ ቀን ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ ይምጣና ከጎኔ ይቁም። በዚያ ሐሩር፣ ሸሚዝ ከጀርባ ጋር በሚጣበቅበት ሰዓት፣ «አጣዬ! ኮምቦልቻ! ደሴ!» እያልኩ የጠራኋቸው ሰዎች ቢሰበሰቡ አንድ ወረዳ ይወጣቸዋል። ሲጠሩ ይመጣሉ፤ መጥተውም ይሄዳሉ። ከተማችንም እንደኔው ናት፤ መንገደኛ ምሳውን በልቶባት፣ እጁን ታጥቦባት፣ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ የሚያልፍባት። እናንተም አንድ ቀን አልፋችሁባት ይሆናል። መስኮቱን ዘግታችሁ ስትሄዱ፣ ያ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ የሚጮኸው ልጅ ቤቱ ሲገባ ማንን እንደሚጠራ አስባችሁ ታውቃላችሁ?

ማንንም።

የአጣዬ ልጅ ነኝ። ስምንተኛ ክፍልን አንጠልጥዬ የመኪና ረዳት ልሆን መጣሁ፤ ኋላ ቤታችን ሲቃጠል እናቴ ደብረ ብርሃን እህቷ ዘንድ ገባች። እና «አጣዬ! አጣዬ!» ስል የምጠራው የገዛ ሰፈሬን ነው። ሰው ይሳፈራል፤ እኔ በሩን ዘግቼ እቀራለሁ።

ያኔ በረዳትነቴ ዘመን አንድ መንገደኛ በጥቁር ፕላስቲክ የተተከለ ችግኝ ወንበር ሥር ረስቶ ወረደ። ይመለሳል ብዬ አቆየሁለት። አልተመለሰም። ፕላስቲኩ ላይ «ጃቦቲካባ» ተብሎ ተጽፏል፤ እኔማ የኪኒን ስም መስሎኝ ነበር። ስልኬን ብጠይቀው፣ አገሩ ብራዚል፣ ፍሬው ጥቁር ወይን የመሰለ፣ የሚያፈራውም እንደ ጨዋ ዛፍ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ሳይሆን ግንዱ ላይ ተለጥፎ ነው አለኝ። ለማፍራትም ዓመታት ያስጠብቃል። አንድ ቤት ዓመት ደፍኖ የማያውቅ ተከራይ፣ ዓመታት የሚያስጠብቅ ዛፍ ተከለ። እናንተም ሳቁ፤ እኔም ስቄያለሁ። ዛፉ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አስሮ አስቀመጠኝ።

የተከልኩት እትዬ ደብሪቱ ግቢ፣ ከቧንቧው አጠገብ ነው። እትዬ ደብሪቱ አከራዬ ናቸው፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው አዲስ አበባ የገቡባቸው። ከ«እንደምን አደርክ» እና ከ«ውሃውን ዝጋ» ያለፈ ጨዋታ አልነበረንም። ዛፉ ደግሞ ውሃ ይወዳል። ቧንቧው ሲጠፋ በጄሪካን እየተሸከምኩ፣ እርጥበቱ እንዳይሸሽ ሥሩን በጤፍ ገለባ እያለበስኩ አሳደግሁት። «ለሰው የጠፋ ውሃ ለእንጨት!» ይሉኛል በመስኮት።

አከራከሙም ጉድ ነው። እኛ ዛፍ ስንከረክም ጫፍ ጫፉን ነው የምንመለምለው። ይህ ግን የሚነካው ውስጡ ነው፤ እርስ በርሱ የሚፋተገውን፣ ወደ ውስጥ የሚያድገውን ታነሣለህ፤ ግንዱ ብርሃንና ነፋስ ካላገኘ አያፈራማ። ባጃጅ የሚነዳው ጓደኛዬ ሰይድ አንድ ቀን ስቆርጥ አይቶኝ፣ «አቦ ሀብቴ! ከውጭ ጎፈሬ፣ ከውስጥ መላጣ! ይሄን ቁርጥ ከየት አመጣኸው?» ብሎ ሲስቅ ዋለ። እኔም ሳቅሁ። እሱ ከሄደ በኋላ ግን ትንሽ አሰብኩበት። መናኸሪያ ለሚያየኝ ሰው እኔስ ከውጭ ጎፈሬ አይደለሁ?

ዘንድሮ ዝናቡ ሲመጣ ግንዱ ነጫጭ አበባ አፈነዳ፤ አበባው ሲረግፍ አረንጓዴ እብጠት ተከተለ። እትዬ ደብሪቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ከሩቅ አዩት።

«ሀብቴ፣ ይሄ ዛፍህ ኪንታሮት ወጥቶበታል። ወደ ሎሚዬ ሳይጋባ ቁረጠው።»

«ፍሬው እኮ ነው እትዬ!»

«ፍሬ፣ ግንድ ላይ? እኔን ልታሞኝ ነው?»

«እስከ ማርያም ይታገሡኝ።»

«እስከ ማርያም። ከዚያ መጥረቢያ ነው።»

እስከዚያ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በየማለዳው ጸበል አምጥተው «በስመ አብ» እያሉ በጣሳ ይረጩት ጀመር። ሰንብተው ደግሞ ጣሳው አነሳቸው፤ ጸበሉን ባልዲ ሙሉ ውሃ ላይ ጠብ አድርገው ሥሩ ላይ መገልበጥ ሆነ። ለእኔ አንዲት ጆግ ውሃ ሲሳሱ የነበሩት ሴትዮ! ዛፉ ጠጣ።

እብጠቱ ጠቆረ፣ አበጠ፣ አበራ። ግንዱ ከታች እስከ ላይ ጥቁር ዶቃ ያጠለቀ መሰለ። አሁን ችግሩን ስሙ። ይህ ፍሬ ከተለቀመ ሁለት ሦስት ቀን ቢቆይ ነው፤ ከዚያ ይቦካል። በገበያ ቀን ደላላ ሆኜ የሚያነክስ በሬ አሻሽጫለሁ፤ ይህን ግን ገበያ አታወጣውም። መብላት ነው። ብቻዬን እንዳልበላው ደግሞ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ሲባል ነው ያደግሁት። ሰው ልጠራ ስልኬን ከፈትኩ፤ ያለው ሁሉ የመኪና ሰው ነው፤ «ሹፌር ቀዩ»፣ «ጎሚስታ»፣ «ደሴ ሃይሩፍ»። ተሳፋሪ ሳልይዝ ለእነዚህ ምን ብዬ እደውላለሁ? ሰይድን በአካል ለመንኩት።

«ኩፍኝ ከያዘው ዛፍ? ወላሂ ልጆች አሉኝ!» ብሎ ባጃጁን አስነሣ።

የማርያም ዕለት መጥረቢያውን እየጠበቅሁ ተነሣሁ። እትዬ ደብሪቱ ባዶ እጃቸውን ወጡ። አንዷን ቀጥፈው አሸተቱ፣ አማተቡ፣ ጎረሱ። ቆዳውን ተፉ። ከዚያ እልልታቸውን አቀለጡት። «ድኗል!»

ሰፈሩ ግቢያችን ገባ። ፍሬው ከዳቦና ከንፍሮ ጋር ጸበል ጻዲቅ ሆኖ ቀረበ። ሰይድ እንኳ በአጥሩ በኩል እጁን ሰደደ፤ «ለመድኃኒት ከሆነ እሺ» ብሎ። ጸበሉ ተመሰገነ፤ እትዬ ተመረቁ። እኔ የገዛ ዛፌ ሥር፣ ጥግ ይዤ እንደ እንግዳ ቆምኩ። ያን ሁሉ ሰው አንዱንም የጠራሁት እኔ አልነበርኩም።

የተረፈውን እትዬ በስኒ እየሰፈሩ እንደየቤተሰቡ ብዛት አከፋፈሉ። እኔ ዘንድ ሲደርሱ፣ «አንተ ላጤ ነህ፤ አንድ ስኒ ይበቃሃል» አሉ። እውነታቸውን ነው። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «ሁለት ያድርጉልኝ፤ ማምሻውን እንግዳ አለብኝ» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። በሬን ማንም አንኳኩቶት እንደማያውቅ ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ሁለተኛውን ጢም አድርገው ሞሉልኝ።

ጀንበር ስትጠልቅ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ሁለቱን ስኒዎች አያለሁ። በሩ ተንኳኳ። እትዬ ደብሪቱ ናቸው፤ ቤቴ መቀመጫ እንደሌለ ስለሚያውቁ ዱካቸውን ይዘው።

«እንግዳህ መጣ?»

«አልመጣም።»

«እንግዲያ ሊበላሽ ነው» አሉና ዱካቸውን አስቀምጠው ተቀመጡ፤ ሁለተኛውንም ስኒ ወደ ራሳቸው ሳቡት።

ቆዳውን እፍኛቸው ላይ እየተፉ ስለ ልጆቻቸው አጫወቱኝ፤ የሚደውሉት ለበዓል ነው። ስለ እናቴ ጠየቁኝ። ከዚያ አንዷን ፍሬ ወደ አምፖሉ አንሥተው ገልበጥ ገልበጥ አደረጓት።

«አየህ፣ ጸበሉ እንዴት እንዳጣፈጠው!»

ስንት ጄሪካን እንደተሸከምኩ፣ ግንዱ ብርሃን እንዲያይ ስንት ዓመት ውስጥ ውስጡን ስቆርጥ እንደኖርኩ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ፍሬ ጎረስኩበት።