ድንኳናችን ለምርጫ ቅስቀሳ ወጥቶ በነበረበት እሑድ የተያዘ ቃለ ጉባኤ

የእድሩ ስም፦ የሄርማታ አብሮ አደግ መረዳጃ እድር
የስብሰባው ዓይነት፦ አስቸኳይ
ቀን፦ እሑድ ግንቦት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.
የተጀመረበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 1፡30
ቦታ፦ የእድሩ ዕቃ ቤት። ኮሚቴው ለወትሮው የሚሰበሰበው በረንዳው ላይ ነው። ዛሬ ዝናብ ስለሆነ፣ ዕቃ ቤቱም ድንኳኑ ውስጡ ባለመኖሩ ሰፊ ሆኖ ስለተገኘ፣ ወደ ውስጥ ተገብቷል።

የተገኙ የኮሚቴ አባላት
1. ሐጂ አባቦራ፣ ሰብሳቢ
2. አቶ ዳባ፣ ንብረት ክፍል
3. ወ/ሮ ባህሪያ፣ አባል፣ በሄርማታ መርካቶ ቅመም ነጋዴ
4. አቶ ለይኩን፣ አባል፣ በዚያው መርካቶ ጨርቅ ነጋዴ
5. አቶ ፍሬሰላም፣ ጸሐፊ (ድምፅ የማይሰጥ፣ የሚጽፍ ብቻ)

ያልተገኘ
አቶ ሸኩር፣ ባጃጃቸው የቅስቀሳ ድምፅ ማጉያ ጭና እንድትዞር በመታዘዟ። አቶ ሸኩር በስብሰባው መካከል በዕቃ ቤቱ በር በተደጋጋሚ አልፈዋል። ባለፉ ቁጥር «ሕዝባችን ሆይ፣ ነቅለህ ውጣ!» ይሉ ስለነበር ውይይቱ ይቋረጥ ነበር። ሕዝባችን አልወጣም።

ከስድስቱ አምስቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ አንድ፦ የድንኳኑን መኖር አለመኖር በሚመለከት

ሰብሳቢው ስብሰባውን በቢስሚላህ ከፍተው፣ የእድሩ ነባር አባል አናጢው አቶ አብተው ትናንት ማታ ማረፋቸውን፣ ቀብሩ ዛሬ በ9 ሰዓት መሆኑን፣ ወገኖቻቸውም ከሊሙ ገነት በአይሱዙ ተጭነው በመምጣት ላይ መሆናቸውን ገልጸዋል። የሟች ቤት አንድ ክፍል ነው። ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላቆመም። በደንባችን መሠረት ድንኳኑ ሌሊቱን ተተክሎ ማደር ነበረበት። ስለዚህ አቶ ዳባ ድንኳኑን ለምን እንዳላወጡ ተጠይቀዋል።

አቶ ዳባ በሰጡት መልስ የሌለ ነገር እንደማይወጣ አስረድተዋል። ድንኳኑን ከሦስት ሳምንት በፊት የገዢው ፓርቲ ሰዎች ለአንድ ከሰዓት በኋላ ብለው ወስደውታል። በማን ፈቃድ ሰጡ ተብለው ሲጠየቁም የመጡት ሰዎች ፈቃድ እንዳልጠየቁ፣ የጠየቁት ቁልፍ እንደሆነ ተናግረዋል። እስካሁን ለምን አልነገሩንም ለተባሉት፣ በመካከሉ ሰው ስላልሞተ ጉዳዩን ማንሳት አላስፈለገም ብለዋል። ስለ ውለታው የፓርቲው ቲሸርት ተሰጥቷቸዋል። በስብሰባው ላይም ለብሰውት ተገኝተዋል። ሌላው ልብሳቸው በዝናቡ አለመድረቁ እንዲመዘገብላቸው ጠይቀው ተመዝግቧል።

ወ/ሮ ባህሪያ ነገሩ አዲስ እንዳልሆነ፣ የፊተኛው መንግሥትም አግዳሚ ወንበሮቻችንን ለስብሰባ ብሎ ወስዶ እግር የሌላቸውን እንደመለሰ አስታውሰዋል። ቀጥለውም የሚናገሩት ቃል በቃል እንዲጻፍ ስላዘዙ እንዲህ ተጽፏል፦ «እኔ በዕድሜዬ የመረጥኩት ሁለቴ ነው። መጀመሪያ ውሃ እናስገባለን ላሉት መረጥኩ። ቀጥሎ ‹ውሃ እናስገባለን ብለው የዋሿችሁን አባረርንላችሁ› ላሉት መረጥኩ። አሁን በርሜሌን ደጅ አውጥቼ ድምፄን ለዝናቡ ሰጥቻለሁ። እሱ ሳይምል ይመጣል። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም፤ ጻፍ።» ተጽፏል።

አቶ ለይኩን በዚህ ቅር ተሰኝተው ሁሉን በአንድ ዓይን ማየት ተገቢ አለመሆኑን ተናግረዋል። ወ/ሮ ባህሪያ በበኩላቸው አቶ ለይኩን በለውጡ ሰሞን ሱቃቸውን ዘግተው ሦስት ቀን ከመኪና ጣሪያ ላይ እንዳልወረዱ፣ ድምፃቸው ተዘግቶ ደንበኛ ሲያስተናግዱ በምልክት እንደነበር፣ በዓመቱ ደግሞ ያንኑ ለውጥ ሲራገሙ በጆሯቸው እንደሰሙ አንስተዋል። በሱቃቸው ግድግዳ ላይ ስለሚሰቀለው የመሪ ፎቶግራፍም ጠይቀዋል። አቶ ለይኩን ፎቶግራፉ እንደየዘመኑ እንደሚቀየር አምነው፣ ምስማሩን ግን አንድም ቀን ነቅለው እንደማያውቁ ገልጸዋል።

አጀንዳ ሁለት፦ ድንኳኑን ማን ይጠይቅ?

አቶ ለይኩን ለዛሬው የፓርቲው ሰልፍ አስተባባሪ ለአቶ ፈይሳ ደውለው ሁሉም እንዲሰማ ስልኩን ከፍ አድርገዋል። አቶ ፈይሳ በኀዘኑ ማዘናቸውን፣ ሆኖም ድንኳኑ በሰልፉ ሜዳ ላይ ለክብር እንግዶች የተተከለ በመሆኑ በመርህ ደረጃ እንደማይነሳ ተናግረዋል። ጥያቄው የሚታየው በፓርቲው አባል ከቀረበ ብቻ ነው፤ ከላይ አቅጣጫ ተቀምጧል። ስልኩን ዘግተዋል።

ሰብሳቢው ከመካከላችን የፓርቲው አባል ማን እንደሆነ ጠይቀዋል። አቶ ሸኩር በበሩ አልፈዋል።

ከዚያ በኋላ በተደረገ ማጣራት ቀጥሎ ያለው ተገኝቷል። አቶ ዳባ ዘይት ሊቀበሉ ተሰልፈው ሳለ ተመዝግበዋል፤ ዘይቱ አልደረሳቸውም፣ አባልነቱ ደርሷቸዋል። ሐጂ አባቦራ ሳይጠየቁ በሦስት ፓርቲዎች ተጽፈዋል፤ የሦስተኛውን ስም አያውቁትም። አቶ ለይኩን በአንዱ ወድደው፣ በሌላው ፈርተው ገብተዋል። ወ/ሮ ባህሪያ የእህታቸው ልጅ ባቋቋመው የተቃዋሚ ፓርቲ ቅርንጫፍ ውስጥ ናቸው። ልጁ ወደ ገዢው ፓርቲ ስለተሻገረ በአሁኑ ሰዓት ቅርንጫፉ እሳቸው ብቻ ናቸው። ጸሐፊውም መሥሪያ ቤት ሳለ እንደ ሌላው ሁሉ ፈርሟል። በድምሩ አምስት ሰዎች ስምንት አባልነት እንዳላቸው፣ ከስምንቱ በአንዱም ስም ለመናገር የሚደፍር ሰው እንደሌለ ተረጋግጧል።

ወ/ሮ ባህሪያ ሥራው ልምድ ላለው ሰው ይሰጥ ብለው አቶ ለይኩንን ጠቁመዋል። አቶ ለይኩን ከዚያ ቤት ከወጡ መቆየታቸውን፣ ሰው ካየኝ ስሜ ይጠፋል የሚል ስጋት እንዳላቸው ገልጸዋል። የሚጠፋ ነገር እንደሌለ ተነግሯቸው ተረጋግተዋል።

ውሳኔ 1፦ አቶ ለይኩን ለዛሬ ጠዋት ብቻ የፓርቲው ቆራጥ ደጋፊ እንዲሆኑ፣ ከቀትር በኋላ ወደ ነበረ ቅሬታቸው እንዲመለሱ፣ ከረጅም ውይይት በኋላ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።

አቶ ለይኩን በአዲሱ ኃላፊነታቸው ዳግመኛ ደውለዋል። አቶ ፈይሳ እንኳን ወደ ቤትዎ ተመለሱ ብለዋቸዋል። ድንኳኑን በተመለከተ መልሱ ያው ሆኖ፣ አንድ ሐሳብ ግን አቅርበዋል፦ በሜዳው ላይ ያለው ሰው እንደታሰበው አልሆነም፣ እንግዶች መንገድ ላይ ናቸው፣ ካሜራም አለ። የሊሙ ገነት ለቀስተኞች ከመኪናው እንደወረዱ ወደ ሜዳው ቢመጡ መጠለያም፣ የታሸገ ውሃም፣ ኮፍያም ያገኛሉ። ኀዘናቸውን እዚያው ቢወጡ ፓርቲው አይቃወምም። በንግግሩም ላይ የሟች ስም በክብር ይነሳል።

አቶ ለይኩን ሐሳቡን ደግፈው፣ በሰልፍ መካከል የሚያለቅስን ሰው ማንም ለምን አለቀስክ እንደማይለው፣ እንዲያውም የደስታ ዕንባ ተብሎ በዜና እንደሚወጣ አስረድተዋል። «ከአንጀት ካለቀሱ ዕንባ አይገድም» ብለዋል። ሐጂ አባቦራ «ህን ታኡ!» ብለዋል፤ አይሆንም ማለታቸው ነው። ላላባራው ዝናብ፣ ለጠበበው ቤትና ለደረሰው ሰው ምን እንደሚያደርጉ ሲጠየቁ ግን ድምፅ ይሰጥበት ብለዋል።

ውሳኔ 2፦ ድንኳኑ ወደ ለቅሶው ስላልመጣ ለቅሶው ወደ ድንኳኑ እንዲሄድ፣ ከረጅም ውይይት በኋላ በሦስት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ተወስኗል። ጸሐፊው ይህን ሲጽፍ አፍሯል፤ ይህም በራሱ ፈቃድ ተመዝግቧል።

አጀንዳ ሦስት፦ የሟች ልጅ ጥያቄ

ከረፋዱ 3፡40 ላይ የአቶ አብተው ልጅ አብነት ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ በዝናብ ርሳ ገብታለች። የመጣው ሰው በየጎረቤቱ ኮሪደር ቆሟል። ሽማግሌዎች በር ላይ እየበሰበሱ ነው። እናቷ ወ/ሮ የኔነሽ ሰው ማስቀመጫ አጣሁ ብላ ከሞቱ ይልቅ በዚህ እያለቀሰች መሆኗን ነግራን፣ ድንኳኑ መቼ እንደሚመጣ ጠይቃለች።

ውሳኔ 2 ከአቶ ፈይሳ ሐሳብ ጋር ተነብቦላታል።

ከዚያ በንግግሩ ላይ ስለ አባቷ ምን እንደሚባል ጠይቃለች። አቶ ለይኩን ብዙም እንደማይባል፣ የለውጡ ጽኑ ደጋፊ ነበሩ ከማለት እንደማያልፍ አስረድተዋታል።

አብነት የተናገረችው እንዳለ ይሰፍራል፦ «አባዬ ባለፈው ምርጫ ሌሊት ተነስቶ ነው የተሰለፈው። ቀለሙ ከጣቱ ላይ እንዳይለቅ ሁለት ቀን ሥራ በግራ እጁ ሠራ። ዘንድሮ ካርድ ውሰድ ብለው ሁለቴ ቤት ድረስ መጡ። አልወስድም አለ። ፈርቶ አይደለም፣ ተቆጥቶም አይደለም። ‹ሰው ሁለት ጊዜ በራሱ ላይ አይስቅም› ነው ያላቸው። ያቺን እምቢታ ሬሳው ላይ ልትቀሙት ነው? ሐጂ፣ ይንገሩኝ እስቲ፣ እድር የተገባው ለዚህ ነው?»

ሰብሳቢው ለዚህ ጥያቄ የተያዘ አጀንዳ የለም ማለት ይችሉ ነበር። አላሉም። ጥምጥማቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋል። አቶ ዳባ ቲሸርታቸውን በጃኬት ሸፍነዋል።

በዚህ መካከል ደጅ ላይ መኪና ቆሞ አቶ ፈይሳ ገብተዋል። ሰልፉ በዝናቡ ምክንያት ለሌላ ጊዜ መተላለፉን አብስረዋል። ምን ያህል ሰው መጥቶ ነበር ተብለው ሲጠየቁ የሙዚቃ ባንዱ ነበረ ብለዋል። ድንኳኑንም ይዘው መጥተዋል። ፓርቲው ለሕዝቡ ኀዘን ቅርብ መሆኑን፣ ሰዉም እዚህ ስለተሰበሰበ እንግዶቹ ከቀብር መልስ መጥተው አጭር መልእክት እንደሚያስተላልፉ ተናግረዋል።

ድንኳኑ በዕቃ ቤቱ ደጃፍ ሲዘረጋ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በማይለቅ ቀለም «ነገ ከዛሬ ይበልጣል፤ ምልክታችንን ምረጡ» ተብሎ የተጻፈበት ሆኖ ተገኝቷል።

አቶ ዳባ ድንኳኑ ተገልብጦ ይተከል የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ወ/ሮ ባህሪያ ከተገለበጠ ለቀስተኛው ሦስት ቀን ሙሉ አንጋጦ ሲያነበው ሊከርም ነው ብለው ተቃውመዋል። አቶ ለይኩን ጽሑፉ በሟች ራስጌ በኩል እንዳይሆን ብቻ ጥንቃቄ ይደረግ ብለዋል።

ውሳኔ 3፦ ድንኳኑ ተገልብጦ፣ ጽሑፉ በአንሶላ ተሸፍኖ እንዲተከል ከረጅም ውይይት በኋላ ተወስኗል። አንሶላ ግን አልተገኘም።

ወ/ሮ ባህሪያ ለአቶ ፈይሳ አንድ ጥያቄ እንዲፈቀድላቸው ጠይቀው ተፈቅዶላቸዋል። ያኔ፣ በተቃውሞው ጊዜ፣ ፖሊስ ሲያሳድደው ሱቃቸው ገብቶ በርበሬ ጆንያ ኋላ የደበቁት፣ ሲያስነጥስ አፉን በእጃቸው የያዙት ልጅ እሱ ነው ወይስ ሌላ ነው ብለው ጠይቀዋል። አቶ ፈይሳ እሳቸው መሆናቸውን አምነው፣ ያኔ ሁኔታው ሌላ እንደነበር ገልጸዋል። ወ/ሮ ባህሪያ፦ «ሜ፣ እየኝ እስቲ። ያኔ ‹ሃዳ፣ እኛ ስንገባ እንዲህ አይሆንም› አላልከኝም?» ብለዋል፤ ሜ እስቲ፣ ሃዳ እናቴ ማለት ነው። አቶ ፈይሳ ብለው እንደነበር አስታውሰዋል።

አብነት ከዚህ በላይ መቆየት እንደማትችል ተናግራለች። አባቷን ሰው በዝናብ ቆሞ ቢሸኘው እንደምትመርጥ፣ ከዚያ ጽሑፍ ሥር ግን እናቷን እንደማታስቀምጥ ገልጻ፣ ፈቃድ ሳትጠይቅ ወጥታለች። ዝናቡ ጨምሮ ነበር። ሐጂ አባቦራ ለወትሮው እጅ የሚያወጡት በመጨረሻ ነው። ዛሬ ማንም ሳይጠይቃቸው ቀድመው አውጥተዋል።

ውሳኔ 4፦ ውሳኔ 1፣ ውሳኔ 2 እና ውሳኔ 3 ተሽረዋል። ድንኳኑ ከእድሩ ንብረት ተሰርዟል። የአቶ አብተው ለቅሶ ደጅ ላይ፣ በዝናብ፣ ያለ እንግዳና ያለ ንግግር ይሆናል። የኮሚቴ አባላት ኮሪደሩን ለሽማግሌዎችና ለሴቶች ለቀው ሦስቱንም ቀን ዝናቡ ላይ ይቀመጣሉ። አቶ ለይኩን እጃቸውን ለማውጣት ዘግይተዋል፤ አውጥተዋል።

አቶ ፈይሳ ታዲያ ይህን ድንኳን የት ላድርሰው ብለው ጠይቀዋል። ሐጂ አባቦራ እንዲህ መልሰውላቸዋል፦ «ለፓርቲህ ስጠው፣ ልጄ። እሱም ሟች ነው። ከሱ በፊት የነበሩትን ስንቱን አይተናል፤ ሁሉም ሄደዋል፣ ሊቀብራቸው የወጣ ሰው ግን አላየሁም። ያንተም ቀኑ ሲደርስ እኛ አንመጣም። ድንኳኑ እንኳ ይኑረው።»

ሌላ ሐሳብ ያለው ሰው ባለመኖሩ ስብሰባው ከረፋዱ 4፡50 ላይ ተዘግቶ፣ ኮሚቴው በእግሩ ወደ ለቅሶው ቤት ሄዷል።

ፍሬሰላም፣ ጸሐፊ