ሔኖክ ዘካዛንቺስ የሳምቡሳውን ግንብ ነፃ እንዳወጣ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ቧንቧ በፈረቃ ነግሦ ጀሪካን በተሰለፈበት ወራት፣ በወርኃ ጥቅምት፣ ካዛንቺስ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለው ግንብ ሥር የተፈጸመውን ገድል፣ እኔ ጸሐፌ ትእዛዝ ሳምራ፣ የባለሳምቡሳዋ ልጅ፣ በዐይኔ እንዳየሁት ጻፍሁ። ያልነበረ ሰው ዝም ይበል።

በዚያ ግንብ ሥር እናቴ እቴጌ ዙለይካ፣ ንግሥተ ሳምቡሳ ወፀሐየ መጥበሻ፣ የከሰል ምድጃቸውን ዘርግተው፣ ከጎኑም በቢጫ የዘይት ጀሪካን ጽጌረዳ ተክለው ይኖሩ ነበር። ነገር ግን ግንቡ ላይ «መሽናት ያስቀጣል» የሚል ጽሑፍ ስለነበረ፣ የካዛንቺስ ወንድ ሁሉ መሽኛው እዚህ መሆኑን ከዚያ ተረዳ። ማለቴ፣ ጽሑፉ ባይኖር ማን ያስታውሰው ነበር? ላዳ የሚነዳውም ክራባት ያሰረውም እየመጣ ፊቱን ወደ ግንቡ አዞረ፤ የሽንቱም ሽታ ከሳምቡሳው ሽታ ጋር ገጥሞ ድል ነሣው፤ ገዢው አፍንጫውን ይዞ ሸሸ፤ የጽጌረዳዋም ቅጠል ገረጣ።

ረመዳን ሊገባ ጥቂት ሲቀረው እቴጌይቱ መጥበሻቸውን በጭልፋ መትተው አዋጅ አስነገሩ፦ «እናንተ ወንዶች! የዓመት እንጀራዬ ያለው በዚህ ረመዳን ነው። ማፍጠሪያውን ከሽንት ቤት የሚገዛ ማን አለ? ጨረቃ ሳትታይ ይህ ግንብ ካልደረቀ፣ ምድጃዬን ተሸክሜ ቄራ እኅቴ ደጅ እገባለሁ፤ ያኔ ሳምቡሳ ሲያምራችሁ ግንቡን ላሱ!» ይህን አዋጅ ሰምቶ ሱሪውን ፈጠን ብሎ የቆለፈ እንኳ አልተገኘም።

ያን ጊዜ ተነሣ ሔኖክ፣ ሞዓ ግንብ ዘእምነገደ ካዛንቺስ፣ ፀጉሩ በቫዝሊን የሚያበራ፣ በወጣቶች አዳራሽ ግጥም አንብቦ አንድ ጭብጨባ ያላገኘ፣ ሳምቡሳ ጨርሶ ከበላ በኋላ «ጨው አነሰው» የሚል። ተከትለውትም ዘመቱ፦ ጠመኔ ተሸካሚው ሃበን፣ ከሃበን ኋላ የሃበን ታናሽ እኅት፣ ከእርስዋም ኋላ ስም የሌለው ውሻ፤ እርሱም በግንቡ ላይ የቆየ ይዞታ ያለው ነበር።

ሔኖክም ከግንቡ ጫፍ እስከ ጫፉ የሚደርስ፣ በየስንኙ «ወዮልህ» ያለበት የቁጣ ግጥም በጠመኔ ጻፈ። ምን ሆነ መሰላችሁ? ድሮ ቶሎ ሸንቶ ይሄድ የነበረው ሁሉ አሁን እያነበበ ይሸና ጀመር። ጋሽ ወልደአማኑኤል የሚባሉ የቢሮ ሰው፣ ሁልጊዜ ከድራፍት በኋላ ክራባታቸውን ወደ ትከሻቸው ወርውረው የሚመጡት፣ ፊታቸውን ከግንቡ ሳያነሡ አወጁ፦ «አንተ ልጅ፣ ግጥምህ ግሩም ነው! ግን መሃሉ ላይ ሳልደርስ እጨርሳለሁና አሳጥረው!» እቴጌይቱም መጥበሻቸውን በጋዜጣ መጠቅለል ጀመሩ።

ሔኖክ ግጥሙን ደምስሶ፣ ከጎሚስታው ከፈየራ ቀይ ቀለም ለምኖ ተመለሰ። እውነቱን ልናገር፤ በዚያ ቀን እናቴ ከምትጠጣው ኩባያ ላይ ለጽጌረዳዋ ስታካፍል አየ፣ በእጁ የያዘውንም ሳምቡሳ «ጨው አነሰው» ሳይል ጨረሰው፤ ይህ ራሱ በታሪክ መጻፍ አለበት። ከዚያ ጻፈ። ነገር ግን አስቀድሞ «ገጣሚ ሔኖክ» የሚለውን ከግጥሙ ሁሉ አግዝፎ ስለጻፈ፣ ከመጨረሻው ስንኝ በፊት ቀለሙ አለቀ፦

በቢጫ ጀሪካን፣ ጽጌረዳ በቅላ፣
ዙለይካ አጠጣቻት፣ ከድርሻዋ ነጥላ፤
አንተ መንገደኛ፣ ቀረብ ብለህ እያት፣

በቃ፣ እዚህ ላይ ቀረ። ቤት ሳይመታ የቀረ ግጥም ደግሞ በዚህ ሰፈር ማንንም አያሳልፍም። ወያላው ሀይሉ ሚኒባሱን አስቁሞ «ቦሌ ቦሌ ቦሌ፣ ሁለት ሰው ነው የቀራት!» ብሎ አወጀ፤ ፈየራም ጎማውን ጥሎ መጥቶ ይህ ስንኝ እንዳልሆነ አወጀ፤ ሕዝቡ ከጧት እስከ ማታ ከግንቡ ፊት ቆሞ ተከራከረ፤ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊትም የሚሸና ጀግና ጠፋ።

ጨረቃ በምትጠበቅበት ዕለት ጋሽ ወልደአማኑኤል ከድራፍታቸው መጡ። ሕዝቡም «ክራባት ያሰሩ መጡ! እርስዎ ይሙሉት! ሳይሞሉ ማለፍ የለም!» ብሎ አውጆ ከበባቸው። እርሳቸውም እግራቸውን አቆላልፈው፣ ላብ በላብ ሆነው፣ መውጫ ቢፈልጉ አጡ፤ ጽጌረዳዋን አዩ፣ ከዚያ እናቴን አዩ፣ ከዚያም መሬት መሬት አዩ፤ ከምድጃው ሥር ከሰል አንሥተው ጻፉ፦

ሱሪዬን ቆልፌ፣ ይቅር በይኝ ብያት።

እልልታው ሳያባራ በቅርብ ወዳለው ሆቴል በረሩ፤ ለሽንት ቤቱ ሲሉ ሳይጠማቸው ለስላሳ እንዳዘዙም ሰምተናል።

ጨረቃም ታየች። በማግስቱ ማፍጠሪያ የሚገዛው ሰልፍ ግንቡን ይዞ እስከ ጎሚስታው ደረሰ፤ ቄራም ቀረ። እቴጌይቱ አወጁ፦ «ለገጣሚው በየቀኑ አንድ ሳምቡሳ በነፃ! ጨው አነሰው ያለ ዕለት ግን ይታገድ!»

እንግዲህ ክብርና ምስጋና ለሔኖክ ይሁን፣ ለንጉሠ ገጣምያን፣ ቀለም አልቆበት ላሸነፈ፣ በሌላ ሰው ስንኝ ለነገሠ! ስሙ ከጽጌረዳዋ በላይ በቀይ ይኑር፤ ግንቡም ደርቆ ይኑር። ውሻው ግን እስከ ዛሬ ማንበብ አልቻለም።