አሳማው ለምን ይስቃል?

(ቡሳን ዳርቻ፣ አንድ አሮጌ ቤት፤ ረፋድ ላይ። ነገ ቀረጻ ይጀመራል። በኮሪያውያን ልማድ ፊልሙ እንዲሰምር የሚሰገድለት የተቀቀለ የአሳማ ጭንቅላት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። የአስፈሪ ፊልም ደራሲና ዳይሬክተሩ ናምጉንግ እና የዕቃ ኃላፊው ዱሺክ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ይጨቃጨቃሉ።)

ናምጉንግ፦ ይስቃል እኮ! እየው፣ ጥርሱን አግጥጦ ይስቃል!

ዱሺክ፦ ታዲያሳ ጋሼ! የሚስቅ አሳማ ገደኛ ነው። ገበያውን ሙሉ ዞሬ ነው የመረጥኩት።

ናምጉንግ፦ ሦስቱ ፊልሞቼ ላይ ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። አሁን ደግሞ አሳማው ይጨመርልኝ? ይሄም ከተሳቀበት አለቀልኝ! ቀሪ ዘመኔን የሰርግ ቪዲዮ ስቀርጽ ነው የምኖረው።

ዱሺክ፦ ሰርግ ምን አለው? ምሳ አለ።

ናምጉንግ፦ ዝም በል! ሃያ ዓመት ሰው ሳስፈራራ የኖርኩ ሰው ነኝ። ይልቅ ይህን ስማና ስትፈራ ንገረኝ። (ያነባል) «ሙሽራዋ ከኮርኒሱ እየዳኸች ወረደች። ዓይኗ ደም ያነባል።»

ዱሺክ፦ እኔን! ሐኪም አላየችም?

ናምጉንግ፦ ሞታለች!

ዱሺክ፦ ነፍስ ይማር። መሰላሉን ማን ያዘላት?

ናምጉንግ፦ መንፈስ ናት፣ አንተ ደንቆሮ! መሰላል ምን ያደርግላታል?

ዱሺክ፦ መብረር ከቻለች ታዲያ ምን አስዳኻት?

ናምጉንግ፦ (ወረቀቱ ላይ እየሞነጫጨረ) ደሙን እጨምራለሁ። ሠላሳ ሊትር!

ዱሺክ፦ ወለሉን የምጠርገው እኔ ነኝ። እሱ ያስፈራል።

ናምጉንግ፦ አይ አንተ! ለመሆኑ ፍርሃት የሚባል ነገር ፈጥሮብሃል?

ዱሺክ፦ ኧረ እኔ አልፈራም። ብቻ... ጋሼ፣ ስንት ሆነን ነው የገባነው?

ናምጉንግ፦ ሁለት። ሌሎቹ ከሰዓት ነው የሚመጡት።

ዱሺክ፦ በር ላይ ግን ሦስት ጥንድ ጫማ አለ።

ናምጉንግ፦ የማን ነው?

ዱሺክ፦ እንጃ። የሴት ነው፤ ነጭ የጎማ ጫማ። ውሃ ያንጠባጥባል።

ናምጉንግ፦ ዝናብ... ዝናብ ዘንቦ ይሆናል።

ዱሺክ፦ የእኛ ደረቅ ነው። ደግሞ ቅድም ሳየው ጫፉ ወደ ውጭ ነበር። አሁን ወደ እኛ ዞሯል።

ናምጉንግ፦ (ጠረጴዛው ላይ ዘሎ ወጥቶ የአሳማውን ጭንቅላት አቅፎ) ኧረ የሰው ያለህ!

ዱሺክ፦ (ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ) ይውረዱ ጋሼ። ጫማውን ትናንት ገዝቼ፣ ቅድም ውሃ ውስጥ ነክሬ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። አሁን ያስፈራችዎት ይቺ የድርሰቴ ገጽ አንድ ናት። ስድስት ዓመት ሙሉ ያንብቡልኝ ብዬ ስለምን፣ እርስዎ የኑድል ድስት ሲያስቀምጡባት ኖሩ።

ናምጉንግ፦ (እዚያው ጠረጴዛው ላይ ሆኖ) ዱሺክዬ... ባለጫማዋ ማን ናት? ከዚያስ ምን ሆነ?

ዱሺክ፦ መጀመሪያ ይስገዱ።

(ናምጉንግ ወርዶ፣ ፊቱን ወደ አሳማው አድርጎ ተንበረከከ።)

ዱሺክ፦ ኧረ ወዲህ ይዙሩ! ድርሰቱን የጻፈው አሳማው ነው እንዴ?