ጥፋቱ የኔ ነው

የኛ ሰው ጥፋትን ለመውሰድ ሲሽቀዳደም አያችሁ? ደብረ ታቦር ገበያ ውስጥ እግራችሁን የረገጣችሁ ሰውም፣ የተረገጣችሁት እናንተም «ይቅርታ» ትባባላላችሁ። ደግ ልማድ ነው። የመድን ውል እስክትፈርሙ ድረስ።

እኔ ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ ያስተማረኝ ያገኘሁት ወረቀት ሁሉ ነው፤ ስኳር የተጠቀለለበትን እንኳ ሳላነብ አልጥልም። ባሌ ጌትነት ግን የሚኒባሱን የመድን ውል አጣጥፎ ከጸሎት መጽሐፉ ሥር አኖረው፤ እዚያው ሆኖ የሚጸልይለት ይመስል። አውጥቼ አነበብኩት። ፊደሉ ከጤፍ ያነሰ ነው። አንዷ አንቀጽ ግን ዓይኔ ላይ ተለጥፋ ቀረች፦ አደጋ ሲደርስ መድን ሰጪው ሳይፈቅድ ጥፋተኛ ነኝ ብለህ አትፈርም፣ ካሳም ቃል አትግባ። ልብ በሉ፣ ዋሹ አይልም። የሆነውን እንዳለ ተናገሩ፣ ፍርዱን ግን ለኔ ተዉልኝ ነው የሚለው። ይህን የጻፈ ሰው የኛን አገር ሽማግሌ አያውቅም፣ ብዬ ሳቅኩ።

ሳቄ ብዙ አልቆየም። ግንቦት ላይ ጌትነት ከገሳይ ሲመለስ በጭጋግ ውስጥ የአያ ሞላን በሬ ገጭቶ ገደለ። እርሻ ሊገባ ነው፤ የቀረው አንድ በሬ ደግሞ ብቻውን አያርስም። እኛም በሬ የምንገዛበት አልነበረንም።

ሰምቼ ስደርስ ትራፊክ ፖሊሱ የአደጋውን ፕላን አንስቶ ሄዷል፣ ሽማግሌዎቹ ከመንገዱ ዳር ተቀምጠዋል፣ ባሌ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ አድርጎ ተደፍቷል። ወረቀቱም ተጽፏል፦ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ የበሬውን ዋጋ እከፍላለሁ።» እስክሪብቶው በባሌ እጅ ነው።

«እንዳትፈርም!»

የሽማግሌዎቹ አለቃ መሪጌታ ቀና አሉ። «እርቅ ልታፈርሺ ነው የመጣሽ?»

«እርቁን አይደለም መሪጌታ፣ ወረቀቱን ነው። ይህ ከተፈረመ መድኑ አልከፍልም ይላል፤ አያ ሞላም በሬውን ትተው ወረቀቱን ይጠምዱታል።»

«መኪና ሲገጭ አይቻለሁ፤ ምላስ ሲገጭ ዛሬ ገና አየሁ» አሉና ጋቢያቸውን አራግፈው ተነሡ። ሌሎቹም ተከተሏቸው።

በሦስተኛው ቀን የመድኑ ሰው መጣ። «ማነው ያጠፋው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አለ ጌትነት። ኮቱን ጎተትኩት፤ ረፍዷል።

አያ ሞላ ግን በጨዋነት የሚበለጡ ሰው አይደሉም። «የለም፣ ልጁን ተዉት! በሬዬን አስፋልት ዳር የነዳሁት እኔ፣ ጥፋቱም የኔ ነው።»

አንዱ ውሉን ሊያፈርስ፣ ሌላው የገዛ ካሳውን ሊያፈርስ ይሽቀዳደማሉ! ሰውየው አንዴ ይህን፣ አንዴ ያንን አየ።

«የተፈረመ ነገር አለ?»

«የለም!» አልኩ ከሁሉም ቀድሜ።

«እንግዲያው ጨዋነታችሁን ለራሳችሁ ያዙት። እኔ የማየው ፕላኑን ነው።»

ፕላኑ ደግሞ ይሉኝታ አያውቅም። በሬው ዳሩን ይዞ ሲሄድ ሚኒባሱ መስመሩን ስቶ እንደመጣበት ቁልጭ አድርጎ አሳየ። መድኑ ከፈለ። ሰኔ ሳያልቅ አያ ሞላ አዲስ በሬ ጠመዱ። እኔም ከስንት ቀን በኋላ ትንፋሼን እስከ ሆዴ ሳብኩ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ግን ሽማግሌዎቹ አስጠሩኝ። ለካ ሽማግሌ ከእርቅ አስነሥቻለሁ! ይህን የሚሸፍን አንቀጽ ከውሉ ውስጥ ብፈልግ አጣሁ። ድንጋዩን ማጅራቴ ላይ አድርጌ መሪጌታ እግር ሥር ጎንበስ አልኩ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ።

ጌትነት ከኋላዬ ቀሚሴን ጎተተና ሹክ አለኝ፦

«መድን ሰጪሽን አስፈቅደሻል?»