ወደ ውጫሌ የሄደው ረጅሙ ልጅ

ስለ ቅርጫት ኳስ የማውቀው ረጅም ሰው እንደሚያስፈልገው ብቻ ነው። ይህ ግን ደጋፊ ከመሆን አላገደኝም። ዕውቀት የሚጠየቀው ተጫዋች ነው፤ ከደጋፊ የሚፈለገው ጉሮሮ ነው። አይደለም እንዴ?

ሐይቅ ከተማ፣ ከኮሌጃችን በር ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ከጎኔ ሙሄ የሚባል ጎረቤቴ ዓሣ ጠብሶ ይሸጣል። ኮሌጁ ሲጫወት ሁለታችንም ሥራ እንዘጋለን። ያኔ እንድሪስ የሚባል ተማሪ ነበረን። ሱቄ ሲገባ ጎንበስ ይላል፤ ሜዳ ላይ ግን ለማንም ጎንበስ አይልም። ሙሄ ዓሣ ያበላዋል፣ እኔ ደብተር ኮፒ አደርግለታለሁ። ልጃችን አልነው።

አገሩ ሁሉ ስለ መደመር በሚያወራበት ሰሞን እኛ ተቀነስን። እንድሪስ ትምህርቱን ሳይጨርስ ወደ ውጫሌ ኮሌጅ ተዛወረ። ውጫሌ እኮ አምባሰል ነው፤ እዚሁ ጎረቤት። ሩቅ ቢሄድ ይሻል ነበር። ጎረቤት የወሰደብህ ነገር በየቀኑ ያምሃል። ሙሄ ሦስት ቀን ዓሣ ሲያሳርር ሰነበተ። የበላው ዓሣ ጉሮሮው ላይ ይቁም ብሎ ሊራገም ጀመረና፣ "አስተግፊሩላህ" ብሎ ተወው።

እኔ ግን አልተውኩም። የውጫሌ ቡድን ሊገጥመን ሲመጣ ግጥም ይዤ ጠበቅሁት። ያውም በአምባሰል ቅኝት፣ በራሳቸው ዜማ፦

ዋርካ ነው ብዬ ቁመቱን አይቼ፣
ጥላ ስል ቀረሁ ፀሐይ ላይ ተሰጥቼ።

ሜዳው ሁሉ ተቀበለኝ። እንድሪስ ሁለት የቅጣት ኳስ ሳተ፤ አሸነፍን። በማግስቱ የትምህርት ማስረጃውን ኮፒ ሊያስደርግ መጣ። ማሽኑ ተበላሽቷል አልኩት። ማሽኑ ከኋላዬ እያጓራ ወረቀት ይተፋል። እሱን አየ፣ እኔን አየ፣ "እሺ ጋሽ ተሾመ" ብሎ ጎንበስ ብሎ ወጣ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። የውጫሌ ሰው የያዘውን ይዞ በእግሩ ወደ ሐይቅ ወረደ። ኮሌጃችን ክፍሎቹን ከፈተ፤ እኔና ሙሄ ዳቦና ውሃ ይዘን ገባን። በአንዱ ክፍል ያገኘነው ማንን መሰላችሁ? እንድሪስን። እናቱን አዝሎ ነው የመጣው። ዓይናቸው አያይም። አባቱ ሲሞቱ ብቻቸውን ስለቀሩ፣ እሳቸውን ሊጠብቅ ኖሯል ውጫሌ የገባው።

"ለምን አልነገርከንም?" አልኩት።

"ማን ጠየቀኝ፣ ጋሽ ተሾመ?" አለ። በቁጣ አይደለም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

እናትየው ድምፄን ሰምተው ማን እንደሆንኩ ጠየቁ። "ሐይቅ ሳለሁ ደጋፊዬ ነበሩ" አላቸው። ፊታቸው በራ።

"ዋርካ ነው ብለህ የዘፈንክለት አንተ ነህ? አላህ ይስጥህ። ሁለተኛውን ስንኝ ረሳሁት እያለ አይነግረኝም። እስቲ አንተ በለኝ።"

እንድሪስ መሬት መሬት አየ። ሙሄን ሳል ያዘው። እኔን ላብ አጠመቀኝ። አፌ ላይ የመጣውን ለቀቅሁት፦ "ጥላው ስር አረፍኩ እግሬን ዘርግቼ።"

"እውነትህን ነው" አሉና የልጃቸውን ትከሻ ዳበሱ።

የዚያን ዕለት ሙሄ ቤቱ ወሰዳቸው። ጦርነቱ ሐይቅም ሲደርስ አብረን ተሰደድን። እንድሪስ ሲደክመው እናትየውን እኔና ሙሄ እየተቀባበልን አዘልናቸው። "አብሽሩ እናቴ" ይላቸዋል ሙሄ፣ ራሱ እያለከለከ። አብረን ተሰደድን፣ አብረን ተመለስን፤ አልሐምዱሊላህ። ሜዳችን ላይ የቅርጫቱ ሰሌዳ ተነቅሎ ጠበቀን። አዲሱን የሰቀለው እንድሪስ ነው። ያለ መሰላል ሰቀለው ብዬ ልዋሽ ምንም አልቀረኝ።

ትምህርቱን እዚሁ ሐይቅ እንደጨረሰ ደሴ ሥራ አገኘ፤ ለእናቱም የዓይን ሐኪም እዚያ አለ። ከሥራው ጎን ለጎን ለደሴ ቡድን ሊጫወት ነው። ይኸው ደግሞ ሊሄድ። በዚህኛው ግን ጠየቅነው፤ እሱም ነገረን። መናኸሪያ ድረስ ሻንጣውን የተሸከምነው እኔና ሙሄ ነን።

በቅርቡ ኮሌጃችን ደሴ ሄዶ ከነእንድሪስ ጋር ገጠመ። እኛም ተከትለን ሄድን። እናትየው ከመሀላችን ተቀመጡ። አንደኛው ዓይናቸው ከሕክምናው በኋላ ማየት ጀምሯል።

"የቱ ነው የእኔ?" አሉ።

"ረጅሙ" አላቸው ሙሄ።

እንድሪስ ኳሱን በከተተ ቁጥር እሳቸው ያጨበጭባሉ። ሙሄም አጨበጨበ። እኔስ ምን ላድርግ? አጨበጨብኩ። የሚገባው በእኛ ላይ መሆኑን ያስታወስነው የኮሌጃችን ልጆች ዞረው ሲያፈጡብን ነው። ተሸነፍን። እስከ ሐይቅ ድረስ መኪና ውስጥ ያናገረን የለም።

በማግስቱ የሱቄ ግድግዳ ላይ በከሰል፣ በትልልቁ፣ "ከዳተኞች" ተብሎ ተጽፎ አገኘሁ። ሙሄ ሊያጥበው ውሃ በባልዲ ይዞ መጣ። ተወው አልኩት። ከዚያ ሁሉ ጦርነት በኋላ ኮሌጃችን ደጋፊ አለው ማለት ነው።